የሚጣፍጥ እጅ

እናቴ የምታበስልበትን ምግብ ቤት የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «እጇ ይጣፍጣል።» ሌላ ሙገሳ አያውቅም። ምግብ ቤቱ የሚገኘው አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ቀለም የሚቀላቅሉት፣ መጽሐፍ የሚጠርዙት፣ ወረቀት የሚቆርጡት፣ ቢሮ ተቀምጠው ምን እንደሚሠሩ የማይታወቁትም ጭምር፣ ከምስር ሾርባዋ አንድ ማንኪያ እንደቀመሱ ዓይናቸውን ጨፍነው «ወይ እጅ!» ይላሉ። እሷ ደግሞ በወጥ ቤቱ መጋረጃ ጥግ አጮልቃ እያየች «እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው» የሚል ፊት ታሳያለች።

እጇ አልነበረም። ማጣፈጫ ነበር። በፓኬት ታሽጎ ሱቅ የሚሸጥ ቢጫ፣ ደቃቅ ዱቄት። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ፣ ከሌላው ሰው ሁሉ ጋር እኩል ነው፤ አንባቢ ግን አሁኑኑ ይወቀው። ምስጢር እያዘገዩ ማውራት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ እሱ የለኝም።

አሠራሯ ቀላል ነበር። ሽንኩርት የሚልጡት፣ ምስር የሚለቅሙት፣ ድስት የሚያማስሉት ረዳቶቿ ናቸው። ጨው ግን የእሷ ነው። ማንም ጨው አይነካም። ሾርባው ሊወጣ ሲል «እስቲ ዞር በሉልኝ» ትልና ከመደርደሪያው ጫፍ የጨው ጣሳዋን አውርዳ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ በእጇ እየዘገነች ትበትናለች። ጣሳው ውስጥ ጨውና ማጣፈጫው ተቀላቅለው ነው የሚኖሩት። ጨው ምን ሆኖ ቢጫ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። የሚጠይቅ ቢመጣ «የባሕር ጨው ነው» የሚል መልስ እንደተዘጋጀለት እርግጠኛ ነኝ።

ማጣፈጫ መጨመር ምን ነውር አለው? ምንም። ግን አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ «እጇ ይጣፍጣል» ስትባል ከኖረች በኋላ ተነሥታ «እጄ አይደለም፣ ፓኬት ነው» ልትል አትችልም። እናቴ ብዙ አልተማረችም። አባታችን ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ስለሆነ ቤት ውስጥ ከሚታይበት የማይታይበት ይበዛል። በስሟ የሚጠራ ነገር ቢኖር እጇ ብቻ ነው።

እኔ የባዮሎጂ ምሩቅ ነኝ። ሥራ እስካገኝ እዚያው ሰሃን አመላልሳለሁ፤ ስለ ባክቴሪያ ያለኝን ዕውቀት የሚያደንቁት ሰሃኖቹ ናቸው። ታናሽ እህቴ ደግሞ ትምህርት ቤቷ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ስለሆነ ምሳዋን እኛ ጋ ትበላለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሠራተኞቹ «ዳኛዋ» ይሏታል። የቀረበላትን ሁሉ መጀመሪያ ታሸታለች፣ ቀጥላ በማንኪያ ጫፍ ትነካካለች፣ ከዚያ ትፈርዳለች። «ድንቹ አልበሰለም።» «ሩዙ አርሯል፣ ግን ይበላል።» ይግባኝ የለም።

አንድ ቀን በሾርባው ላይ ፈረደች።

«እማዬ፣ ይሄ ሾርባ አይስማማኝም።»

ይህ ቃል እኛ ቤት ክብር የለውም። የማይስማማው ነገር የሌለው ዘመድ የለንም። አባቴን ነፋስ አይስማማውም። አክስቴን ጎመን አይስማማትም፤ ጎረቤቷም አትስማማትም። እናቴን ራሷን ሊፍት አይስማማትም። አይስማማኝም ያለ ሰው ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ምግቡን ጠልቶ ሊሆን ይችላል፣ አልፈልግም ማለት አፍሮም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያጣራ የለም። «አለርጂ» የሚባለውን ቃል ያውቁታል፤ እሱ ግን ከአቧራና ከብርድ ጋር ብቻ የሚሄድ ነው የሚመስላቸው። ሾርባ አለርጂ ሆኖ የሰማ ሰው የለም።

«ምኑ ነው የማይስማማሽ?» አለች እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች።

«አፌን ያሳክከኛል።»

«አፍሽን የሚያሳክክሽ ወሬ ነው።»

«እውነቴን ነው እማዬ! ከንፈሬን እዪው።»

«ምን ሆነ? ያው ከንፈር ነው። አባትሽም ከንፈሩ እንዲሁ ነው።»

«ድሮ እንዲህ አያደርገኝም ነበር። አሁን ነው የጀመረኝ።»

«አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ? ሾርባው ያው ሾርባ፣ እጄ ያው እጄ። የተለወጥሽው አንቺ ነሽ።»

የሚያናድደው ነገር፣ ትክክል ነበረች። የተለወጠችው ልጅቷ ነበረች። ሰውነት ለዓመታት ዝም ብሎ ሲቀበለው የኖረውን ምግብ በጉርምስና ላይ ድንገት እንደ ጠላት ሊያየው ይችላል። እናቴ ግን ይህን ማለቷ አልነበረም። የሰው ጠባይ ተበላሸ ማለቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዳኛዋ ሾርባውን ስትተወው እናቴ ታኮርፋለች፤ ስትበላው ደግሞ እሷ ከንፈሯን ስታክክ ትውላለች። በዚህ መሃል አንድ ቀን ጠራዡ፣ ነገር መቆስቆስ እንደ ሙጫ የሚጣበቅበት ሰውዬ፣ በሰው ፊት አላገጠባት።

«አንቺ ልጅ፣ ከተማው ሁሉ የሚጎመጀውን የእናትሽን እጅ ንቀሽ ወዴት ልትደርሺ ነው? ወይስ ሾርባ ከውጭ ይምጣልሽ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ዳኛዋ ቀላች። ሰሃኑን በሁለት እጇ አንሥታ እስከ ታች ጨለጠችው፤ ጠራዡን ዓይን ዓይኑን እያየች።

የቀጠለው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። መጀመሪያ አንገቷ ላይ ትልልቅ ቀያይ እብጠቶች ወጡ። ዓይኖቿ ተደፈኑ። ድምጿ ጎረነነ፤ ከዚያ ከድምጽ ይልቅ ፉጨት ሆነ። ወረቀት በሚያመላልሰው መኪና ላይ ጭነን፣ በወረቀት ጥቅሎች መሃል አጋድመን ክሊኒክ አደረስናት። ጠራዡ ሳይጠራ ተሳፍሮ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ «እኔ ለቀልድ ነው፣ እኔ ለቀልድ ነው» ይላል፤ ማንም የጠየቀው ሳይኖር። ጭኗ ላይ መርፌ ተወጋች። ብዙ ሳይቆይ ትንፋሿ ተመለሰ። የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር «ነግሬያችሁ ነበር» የሚል ነው፤ ያኔ እንደምትድን ገባኝ።

ወደ አለርጂ ሐኪም ተላክን። ሐኪሙ ወጣት፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የደከመ፣ ግን ትሑት ሰው ነው። ነርሷን ስናይ እናቴ ፀጉሯን አስተካከለች። ነርሷ የማተሚያ ቤቱ የቀለም ክፍል ኃላፊ ሚስት ነች።

«እርስዎ ነዎት እንዴ እታለም?» አለች ነርሷ እናቴን አቅፋ። «ባለቤቴ እቤት ገብቶ ስለ እጅዎ ሲያወራ አይደል እንዴ የሚያመሸው! እኔም በእጄ አልታማም፣ ግን የእርስዎን ሲያነሣ ያስቀናኛል።»

ይህን ያለችው ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ነው። ዛሬ ሳስበው፣ ምርመራው የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

«ምን ነበር የበላችው?» አለ ሐኪሙ።

«የምስር ሾርባ» አልኩት።

ወደ እናቴ ዞረ። «ውስጡ ምን አለ?»

«ምስር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዘይት፣ ጨው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይኖራል?»

«እናቴ፣ እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

እናቴ ነርሷን በዓይኗ ጥግ አየቻት። «ሌላው እጄ ነው» አለች።

«እጅዎን የምንመረምርበት መሣሪያ የለንም» አለ ሐኪሙ ሳይስቅ።

እህቴን ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሮ፣ በየመስመሩ ጠብታ እያደረገ፣ በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር አደረጋት። ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር። ክንዷን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ሁላችንም እንደ ቴሌቪዥን አፍጥጠን ክንዷን አየን። ምንም አላበጠም።

ሐኪሙ አስረዳን። እነዚህ የተለመዱት ናቸው። ያልተለመዱም አሉ፤ አንድ ቅመም፣ አንድ ዘር፣ ማንም የማይጠረጥረው ነገር። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች አስቸጋሪው፣ ምግቡ ውስጥ መኖሩ የማይታወቅ ነገር ነው፤ የሚበሉትን እንጂ በሚበሉት ውስጥ ያለውን አያውቁም። «ስለዚህ ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ አምጡልኝ» አለ። «ሁሉን ማለቴ ነው። ትንሽ ነው፣ አይጎዳም ብላችሁ የምትተዉት እንዳይኖር።»

እናቴ አመጣች። ምስሩን በብልቃጥ፣ ሽንኩርቱን በላስቲክ፣ ዘይቱን በጠርሙስ። ጨውም አመጣች፤ ነጭ፣ የቤታችንን ጨው። «ጨው ምን ይለያያል» ብላ ነው፤ በኋላ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ። ደግሞ ማጣፈጫው ከፋብሪካ የወጣ፣ የታሸገ፣ የሰው እጅ ያልነካው ንጹሕ ነገር ነው፤ እሱ ሰው አይጥልም። ከልቧ ታምንበት ነበር። ነርሷ ባትኖር ኖሮ ይህን ያህል ታምንበት ነበር ወይ፣ እሱን አላውቅም።

ክንዷ ላይ ሁሉም ተሞከረ። ምንም።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ሾርባው ተሠርቶ ይመጣና ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ፣ መርፌው ተዘጋጅቶ፣ ትንሽ በትንሽ ትበላለች። እናቴ ቤት ውስጥ አበሰለችው። እኔ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩም፤ ተመራማሪ መሆኔ ነው። ጨው ስትጨምር ዞር በይ አላለችኝም፤ የቤቱን ነጭ ጨው በማንኪያ ለክታ ጨመረች። ቀመስኩት።

«እማዬ፣ ምነው ዛሬ? ውሃ ውሃ ይላል።»

«አፍጥጠሽብኝ እንዴት ይጣፍጥ?» አለችኝ።

ዳኛዋ ክሊኒክ ተቀምጣ አንድ ማንኪያ በላች፣ ጠበቅን። ሁለተኛ በላች፣ ጠበቅን። ሰሃኑን ጨረሰች። ከንፈሯ ከንፈር እንደሆነ ቀረ።

ሐኪሙ ያለው እንዲህ ነው፤ «ያመማት እዚህ ሰሃን ውስጥ ያለው ነገር አይደለም። ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። ለድንገተኛ ያዘዝኩላትን መርፌ ከቦርሳዋ እንዳትለዩት።» ቤተ ዘመድ የሰማው ግን «ልጅቷ ምንም የላትም» የሚለውን ነው። አክስቴ ስልክ ደውላ «አላልኳችሁም? ፈተና ሲደርስ ነው እንዲህ የምትሆነው» አለች። አባቴ ከመንገድ ደውሎ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ በይ እንግዲህ ብዪ» አላት። እንዲህ ነው ሳይንስ፤ ያቀረቡለትን ብቻ ይመረምራልና እውነተኛዋን ልጅ ውሸታም አድርጎ አሰናበታት።

ዳኛዋ አላለቀሰችም። የባሰ ነገር አደረገች፤ አመነች። «ምናልባት እውነትም ጭንቀት ይሆናል» አለችኝ። «ነገ ምግብ ቤት ሄጄ ሾርባውን እበላለሁ። አሁንስ አፈርኩ።»

ደስ ይላታል ብለን የጠበቅናት እናቴ አልተደሰተችም። የተፈተነው ሾርባና ልጇን የጣላት ሾርባ አንድ አለመሆናቸውን ከዓለም ሁሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

«እዚያ ሾርባ እንዳትበዪ» አለች።

«እንዴ! ሐኪሙ እኮ ነፃ ነው ብሏል።»

«ሐኪሙ ይበል። እኔ እንዳትበዪ ብያለሁ።»

«እማዬ፣ ስተወው ታኮርፊያለሽ፤ ልብላ ስልሽ ትከለክይኛለሽ። የቱን ላድርግ?»

«ሩዝ ብዪ» አለች እናቴና ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ የታጠፈውን ልብስ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በእናትና በልጅ መካከል ነበር። ማተሚያ ቤቱ ግን ያየውን አይቷል። «የገዛ ልጇን የጣለ ሾርባ» የሚል ወሬ ከቀለም ክፍል እስከ መጋዘን ተዳረሰ። ሰሃኖች ሳይጠጡ መመለስ ጀመሩ። በዚያ ላይ የምግብ ቤቱ ውል የሚታደስበት ወቅት ነው፤ ነጭ ረጅም ኮፍያ የሚያደርግ አንድ ሼፍ ቦታውን ፈልጎ ማመልከቻ አስገብቷል። እናቴ ኮፍያውን አይታ «ድስቱ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው እንዴ?» አለች፤ ግን አልሳቀችም።

ሥራ አስኪያጁ መልካም ሰው ነው። ችግር ሁሉ በጨዋነት ይፈታል ብሎ የሚያምን ዓይነት። ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

«እታለም፣ እንዲህ እናድርግ። ኃላፊዎቹን ሁሉ ይዤ ምሳ እመጣለሁ። ልጅቷም ትምጣና ከእኛ ጋር ሾርባውን ትብላ። ሰው በዓይኑ ካየ ወሬው እዚያው ይሞታል። ደግሞ ሐኪሙም ነፃ ነው ብሏል አሉ፣ አይደል?»

«አዎ፣ ብሏል» አለች እናቴ። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለች ዳኛዋ ከኋላ። «ሰሃኑን ጨርሼ እልሳለሁ።»

እናቴ የገባችበትን አጣብቂኝ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ብዙም አይደለም፣ ትንሽ። ማጣፈጫውን ብታስቀረው ሥራ አስኪያጁ ትኩስ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል፣ ቦታውም ለባለ ኮፍያው። ብትጨምረው ልጇ። ስለዚህ ሁለት ድስት ጣደች። ትልቁ የወትሮው ነው። ትንሿ ድስት ውስጥ ግን ከጣሳው ምንም አልገባም። ከትንሿ ድስት በሰማያዊ ሰሃን ቀድታ ሰጠችኝ።

«ሰማያዊው የእህትሽ ነው። ነጭ ነጩ የእነሱ። እንዳታምታቺ፣ ሰምተሻል?»

«ለምን ተለየ?»

«ጨው ቀንሼላታለሁ። ሂጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ታች ትልቁ የማተሚያ ማሽን ስለሚሠራ ጠረጴዛዎቹ ይነዝራሉ፤ ሾርባው በየሰሃኑ ላይ ቀጭን ቀጭን ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። ሥራ አስኪያጁ መሃል ተቀምጧል። በአንድ ጎኑ ዳኛዋ፣ በሌላው የሒሳብ ሹሙ፣ ፊት ለፊት የቀለም ክፍል ኃላፊውና ጠራዡ። ሰሃኖቹን በየፊታቸው አስቀመጥኩ፤ ሰማያዊውን እህቴ ፊት። አላምታታሁም። ይህ በደንብ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሰማያዊዋን ሰሃን አየ። ከሁሉም ታንሳለች፤ ሾርባውም ከሁሉም የቀጠነ ነው።

«አይ፣ አይ፣ አይሆንም!» አለ እጁን እያወዛወዘ። «የዛሬዋ የክብር እንግዳ እሷ ሆና ትንሹ ለእሷ? አይደረግም።» የራሱን ሙሉ ነጭ ሰሃን ወደ እህቴ ገፋ፣ ሰማያዊውን ወደ ራሱ ሳበ። «ብዪ ልጄ። ብሉ እንጂ!»

የሒሳብ ሹሙ ጎረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከሰማያዊው ቀመሰና ፊቱን ቅጭም አደረገ። ዳኛዋ፣ ሳታሸት፣ ሳትነካካ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምርመራ፣ ማንኪያዋን ሞልታ ወደ አፏ አነሣች።

«ጣይው!»

መጋረጃው ከነዘንጉ ወደቀ። እናቴ ጭልፋ ይዛ እየሮጠች ነበር።

«ጣይው ብያለሁ! አንቺ ልጅ፣ እንዳይነካሽ!»

ማንኪያው ወደቀ። የሒሳብ ሹሙ የጎረሰውን አልዋጠም፣ አልተፋም።

«ምንድን ነው እታለም?» አለ ሥራ አስኪያጁ በቀስታ።

«እሷ እንዳትበላው ነው። እናንተ ብሉ።»

ይህ አነጋገር ማንንም አላረጋጋም። ጠራዡ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም።»

«ምንም ከሌለበት ለምን አትበላም?»

«ለእሷ አለበት።»

«ምን?»

እናቴ ጭልፋውን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጇን አየች። «ዱቄት» አለች።

«የምን ዱቄት?!» ጠራዡ ቆመ። የሒሳብ ሹሙ የጎረሰውን ሁሉ በሶፍት ላይ ተፋው። ከኋላ አንዱ «ጨረሰችን!» ብሎ ጮኸ።

እናቴ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ የጨው ጣሳዋንና አንድ ቢጫ ፓኬት ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አስቀመጠች ከማለት ወረወረች ማለት ይቀላል።

«ይኸው። የሱቅ ነው። እጄ እጄ ስትሉኝ የኖራችሁት ይሄ ነው። እህሉን የሚያጣፍጠው እሱ ነው። ልጄን የጣላትም እሱ ይመስለኛል። በሉ አሁን ስደቡኝ።»

ማንም አልሰደባትም። የቀለም ክፍል ኃላፊው፣ የነርሷ ባል፣ ፓኬቱን አንሥቶ ራቅ አድርጎ አየው። ቀረብ አድርጎ አየው። ገለበጠው።

«ይቺማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኛም ቤት አለች። ከባለቤቴ የስፌት ሣጥን ውስጥ አይቻት የክር ማቅለሚያ መስላኝ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ጠራዡ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሳቁ መሃል አንዳንዶቹ መሳቅ አቁመው ማሰብ ጀመሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን ሚስት፣ የራሱን እናት ምግብ እያሰበ እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይነበባል። የሒሳብ ሹሙ ሶፍቱን በሐዘን ተመለከተና «እኔ የተፋሁት እንዲያው በከንቱ ነዋ» ብሎ ማንኪያውን አነሣ።

ያልሳቀው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር። ሰማያዊውን ሰሃን ትኩር ብሎ እያየ ነው።

«ይቅርታ እታለም፣ ታዲያ የእኔ ለምን እንዲህ ውሃ ውሃ አለኝ?»

«የእርስዎ» አለች እናቴ፣ «እሱ ነው የእኔ እጅ።»

ዳኛዋ ከወንበሯ ተነሥታ እናቴ ፊት ቆመች። «ስለዚህ አልዋሸሁም።»

«አልዋሸሽም።»

«ክሊኒክ የበላሁት ይሄ አልነበረበትም።»

«አልነበረበትም።»

«እያወቅሽ?»

እናቴ የወደቀውን መጋረጃ ማንሣት ጀመረች። እህቴም አላገዘቻትም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ለቀናት ያነጋገረቻት «አዎ»ና «አይ» ብቻ እየሰጠቻት ነው። ልክ ነበረች፤ እኔ ብሆን ኩርፊያውን በቀናት አላሳጥረውም ነበር።

ውሉ ታደሰ። ርኅራኄ አይምሰላችሁ፤ ባለ ኮፍያው ሼፍ ሲጠየቅ እሱም ያንኑ ፓኬት እንደሚጠቀም ታወቀ። ሠራተኞቹ ደግሞ ያንኑ ፓኬት ከማያውቁት እጅ ከመብላት ከሚያውቁት ይሻላል አሉ።

ፓኬቱን ይዘን ወደ ሐኪሙ ተመለስን። ነርሷ ለእናቴ ሰላምታ የሰጠችው በአገጯ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ምን እንደተባለ መገመት አያቅትም። ሐኪሙ ዱቄቱን በጠብታ በጥብጦ ክንዷ ላይ ጫር አደረገ። ብዙ አልቆየም። ቀላ፤ ከዚያ አበጠ፤ ጠርዙ እንደ ካርታ ወጣ ገባ እያለ ተስፋፋ።

እህቴ እንደዚያ ተደስታ አይቻት አላውቅም። ክንዷን ወደ ላይ ይዛ ኮሪደር ወጣች፤ ወረፋ ለሚጠብቁት አሳየች። «እዩት! እዩ እስቲ!» አንዲት ሕፃን የታቀፈች እናት «ማርያም ትማርሽ» ስትላት «አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው» አለቻት።

ግን ዱቄቱ ውስጥ የትኛው ነው? ሐኪሙ የፓኬቱን ጀርባ አነበበ። ጨው፣ ስታርች፣ ዘይት እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ ቅመሞች» ብሎ ይዘጋል። የትኞቹ ቅመሞች? ዝም። ስለዚህ ሐኪሙ ከቅመም ሱቅ እየለዩ እንዲገዙለት አደረገና በሌላ ቀን አንድ በአንድ ሞከራቸው። እርድ፣ ድንብላል፣ ሰናፍጭ፣ ከሙን፣ ዝም አሉ። አብሽ ላይ ሲደርስ ክንዷ ተነሣ።

«አብሽ?» አለች እናቴ። «አብሽ እኮ መድኃኒት ነው!»

«ለእሷ አይደለም» አለ ሐኪሙ፤ ከዚያ የት የት ሊደበቅ እንደሚችል ነገረን። የተቀላቀለ ቅመም ውስጥ፣ አንዳንድ ዳቦ ውስጥ፣ ለሆድ ተብሎ የሚሸጥ ሻይ ውስጥ። ከአሁን በኋላ በየሄደችበት «ውስጡ ምን አለ?» ብላ መጠየቅ አለባት፤ «ምንም የለውም» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

እናቴ በጥሞና ሰማችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዶክተር፣ አብሽ የሌለበት ፓኬት ይኖር ይሆን?»

«ይኖር ይሆናል። ግን እያንዳንዱን ቅመም ካልጻፉት እኔም እርስዎም በምን እናውቃለን?»

ያኔ ነው እናቴ የተናደደችው። እንዲህ ስትናደድ አይቻት አላውቅም። ፓኬቱን ነጥቃ የፋብሪካውን ስልክ ቁጥር ፈልጋ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች። ድምጽ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«እናንተ ሰዎች፣ ለሰው የምታበሉትን ነገር ለምን ትደብቃላችሁ?» አለች። «ልጅ የላችሁም? ሰው ምን እንደሚበላ የማወቅ መብት የለውም? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

እኔና እህቴ ተያየን። ሳቅ አፈነን።

በስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ለስላሳ ድምጽ ነበራት። «እትዬ፣ የቅመም ቅንብሩ የድርጅቱ ምስጢር ስለሆነ መናገር አንችልም።»

«ምስጢር!» አለች እናቴ። «ምስጢር ትለኛለች! ልጄ ልትሞት ነበር እኮ! እናንተ ለስማችሁ ብላችሁ…» እዚህ ላይ ቆመች። የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልቻለችም።

ዳኛዋ ስልኩን ከእጇ ላይ ወሰደችው።

«አብሽ አለበት» አለች። «ደርሰንበታል። ፓኬቱ ላይ ጻፉት።»

ዘጋችውና ስልኩን ለእናቴ መለሰችላት። «ነይ እንሂድ እማዬ፣ ርቦኛል» አለች፤ ክንዷን እያከከች።